ምን አለ?

የእሁዱ አምልኮ አልቆ ሰው እየወጣ ነበር። እኔ ከመድረኩ ወርጄ የማይክራፎን ገመድ እጠቀልላለሁ። አንድ አዛውንት ወንበሮቹን እየተደገፉ ወደ ፊት መጡ። ሁልጊዜ ከኋላ ሦስተኛው ወንበር ላይ በግድግዳው በኩል የሚቀመጡ፣ ሰላም ሲሉ ኮፍያቸውን የሚያወልቁ አባት ናቸው። ከዚያ ቀን በፊት ከሰላምታ ያለፈ ነገር ተነጋግረን አናውቅም።

«ልጄ፣ ያችን አዲሷን መዝሙር የጻፍሻት አንቺ ነሽ አሉ።»

«አዎ፣ አባባ።» ምስጋና እየጠበቅኩ ነበር። ዘፈን የሚደርስም ሆነ መዝሙር የሚደርስ ሰው ያችን ቅጽበት ያውቃታል፤ አንገቱን ደፋ አድርጎ «ክብሩ ለጌታ ይሁን» የሚለውን መልስ አዘጋጅቶ ይቆማል።

«ሁላችሁም ‹እግዚአብሔር አለ፣ እግዚአብሔር አለ› ትላላችሁ» አሉኝ። «እኔም ጆሮዬን አቁሜ ስጠብቅ ቆየሁ። ምን አለ?»

ጥያቄው አልገባኝም። የእምነት ጥያቄ መስሎኝ እንደ ሰንበት ትምህርት አስተማሪ ማብራራት ጀመርኩ። በዚያ ሁሉ መከራ ውስጥ እግዚአብሔር ከእኛ አልተለየም፣ አብሮን ነበር፣ ዛሬም አብሮን አለ እያልኩ ሄድኩ። በትዕግሥት እስከ መጨረሻው ሰሙኝ። «እሱንማ አውቃለሁ» አሉና ኮፍያቸውን ደፉ። ፊቴ ላይ ግራ መጋባት አይተው መሰለኝ፣ «አብሽሪ ልጄ» ብለው ትከሻዬን ነካ አድርገው ወጡ። እኔ ገመዱን ጠቅልዬ ጨረስኩ። ጥያቄው ግን አብሮኝ ወደ ቤት ገባ፤ ሰኞም ማክሰኞም አልወጣም።

ሐረጎ ላይ የመጣ ዜማ

የምኖረው ደሴ፣ የምሠራው ኮምቦልቻ ነው። በመካከላቸው ያለው 25 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ ከ2,400 ሜትር በላይ ከፍታ ካለው ብርድና ጉም ተነስቶ 1,850 ሜትር ገደማ ወዳለው የቦርከና ሜዳ የሚወርድ ነው። ሚኒባሱ የሐረጎን ጠመዝማዛ ሲይዝ ሰው ሁሉ ወይ ይተኛል ወይ ዝም ይላል። እኔ በዚያ ዝምታ ውስጥ ዜማ ይመጣልኛል። አፌን በነጠላዬ ሸፍኜ ስልኬ ላይ እያንጎራጎርኩ እቀርጻለሁ። አብዛኞቹ መዝሙሮቼ ከሥራቸው የሞተር ድምፅ ይሰማል።

ይህችኛዋም እንዲሁ መጣች። በ2014 ዓ.ም. ጥቅምት መጨረሻ ላይ ጦርነቱ ሲደርስባት ከተማችን ምን እንደሆነች፣ ያን መንገድ ሰው እንዴት እንደ ወረደው፣ የደሴ ሰው ለደሴ ሰው አይተርክም። እኔም ከእናቴ ጋር ከወረዱት አንዷ ነኝ። በታኅሣሥ ተመልሰን የተሰበረ በርና ባዶ ቤት ስናገኝ እናቴ መጀመሪያ ያደረገችው ወለሉን መጥረግ ነበር። ከአንድ ዓመት በኋላ በዚያው መንገድ ስወርድ፣ ሳላስበው ይህ አዝማች አፌ ላይ ነበር፦

ደጁ ቢሰበርም — አለ፣
መንገዱ ቢዘጋም — አለ፣
ዝም ባለ ሌሊት፣
እግዚአብሔር አለ።

ኮምቦልቻ መናኸሪያ ስደርስ አልቆ ነበር። እንዲህ ፈጥኖ የመጣ መዝሙር «ተሰጠኝ» ያሰኛል፤ እኔም እንደዚያ ብያለሁ። አሁን ሳስበው ግን ያ ቃል ሰውን ከሥራው ያሰንፈዋል። የተሰጠኝን መልሼ አላየሁትም፣ አልመዘንኩትም፣ ቃላቱን አንድ በአንድ አላዳመጥኳቸውም። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይባላል፤ የእኔ የተፈታው ሁለት መቶ ሰው ፊት ነው።

ስለ መዝሙሩ ክርክር ይነሣል ብዬ የተዘጋጀሁት በሌላ በኩል ነበር። ዜማው በአምባሰል ቅኝት ነው። ወሎ ለአገሩ ካበረከታቸው አራቱ ቅኝቶች ሁለቱ፣ አምባሰልና ባቲ፣ ስማቸው የቦታ ስም ነው፤ አንዱ ከሐይቅ ወደ ሰሜን የሚታይ ተራራ፣ አንዱ ሰኞ ሰኞ ግመልና ፍየል የሚሸጥበት ገበያ። በዚህ አገር አድጎ በእነዚህ ቅኝቶች ለእግዚአብሔር አለመዘመር የእናትን ቋንቋ ከቤት አውጥቶ በእንግዳ ቋንቋ እንደ መጸለይ ይመስለኛል። ያም ሆኖ ከእኛ መካከል ቅኝቱን ሲሰሙ የጠጅ ቤት ትዝ የሚላቸው አሉ፤ አክብሬ እሰማቸዋለሁ። ለእነሱ የሚሆን መልስ ሳዘጋጅ ከረምኩ። ዳዊት በበገና የዘመረው በአገሩ ዜማ እንደ ነበር፣ የጎረቤቶቻችን መንዙማ ከልጅነቴ ጀምሮ በግድግዳ አልፎ ሲመጣ አንድ አዝማች በአንድ ትንፋሽ ማለቅ እንዳለበት እንዳስተማረኝ ልናገር ነበር። ስለ ቅኝቱ የጠየቀኝ ሰው ግን አልነበረም። ጥያቄው የመጣው ካልጠበቅኩት አቅጣጫ፣ ከአንዲት ፊደል ነው።

ረቡዕ ማታ

ረቡዕ ማታ የእሁዱን ቅጂ ከድምፅ ክፍሉ ልጅ በስልኬ ተቀብዬ ጆሮ ማዳመጫ ሰካሁ። የማዳምጠው የራሴን ድምፅ ለመፈተሽ ነበር፤ ሁልጊዜ እንደዚያ አደርጋለሁ። መዝሙሩን ለእኔ ድምፅ በሚመች ከፍታ ስለ ጀመርኩት ወንዶቹ አዝማቹ ላይ እየወደቁ ነው፤ አንድ ሙሉ ድምፅ ዝቅ መደረግ አለበት ብዬ ማስታወሻ ያዝኩ። ከዚያ ሦስተኛው ዙር ላይ ባንዱ ቀነስ ሲል የጉባኤው ድምፅ ብቻውን ወጣ። ያኔ ሰማሁት።

ሁለት መቶ ሰው በአንድ አፍ «እግዚአብሔር አለ» ይላል። ግን ላልቶ። «አለ» ጠብቆ ሲነበብ መኖር ነው፤ ላልቶ ሲነበብ መናገር። «እግዚአብሔር አለ»፣ ማለትም ተናገረ። ከዚያ ዝም። ደግሞም «እግዚአብሔር አለ»። ደግሞም ዝም። አንድ ሰው ደጅ ቆሞ የሰማን እንደሆነ፣ ይህ ሁሉ ሕዝብ እግዚአብሔር የተናገረውን ሊነግረው በጀመረና በተወው ቁጥር እየተነፈገ ነው የሚሄደው።

ምን አለ?

ጆሮ ማዳመጫውን አውጥቼ ተቀመጥኩ። መጀመሪያ የተሰማኝ እፍረት ነው። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም የሚሉት ለአንድ ሰው አፍ ነው፤ እኔ የሁለት መቶ ሰው አፍ በአንድ ጊዜ ነበር ያወለምኩት። ያውም በአራት ስንኝ አዝማች ሦስት ጊዜ፣ አዝማቹ ስድስት ጊዜ እየተደገመ።

እንዴት ሆነ ብዬ ዜማውን ቃል በቃል ገነጣጠልኩት። አንድ ፊደል እንዲጠብቅ ምላስ ፊደሉ ላይ ለአፍታ ማረፍ አለባት። «አለ» ብለን መኖርን ስንናገር፣ ከ«አ» በኋላ ምላሳችን ላንቃችን ላይ ቆይታ ነው ወደ «ለ» የምትከፈተው። የእኔ ዜማ ግን ለዚያ ቆይታ ጊዜ አልሰጠም። «አ»ን በጣም አጭር አድርጌ ከምቱ በፊት ወርውሬዋለሁ፤ ከዚያ ድምፁ ወደ ላይ ዘልሎ «ለ» ላይ አራት ምት ሙሉ ይንሳፈፋል። ሲዘመር ደስ ይላል፣ ጉሮሮ ይከፍታል፣ እጅ ያስነሣል። ምላስ ግን የምታርፍበት ቦታ ስለሌላት ፊደሉ ላላ። በዚያ ላይ ከአንድ ስንኝ በፊት «ዝም ባለ ሌሊት» ብያለሁ። «ባለ» ከማለት የመጣ ስለሆነ ሲፈጠርም የላላ ነው። ቤት እንዲመታልኝ ብዬ «ባለ»ን ከ«አለ» ጋር አጎራበትኳቸው፤ የላላው የጠበቀውን ጎትቶ ወደ ራሱ ወሰደው።

ግጥሙ በፕሮጀክተር ግድግዳው ላይ ተጽፎ ነበር፤ ያ ግን ምንም አላገዘም። ፊደላችን መጥበቅና መላላትን አይጽፍም። «ገና» ብሎ የልደት በዓል ነው ወይስ ገና ያልደረሰ ነገር ነው፣ «ጌታ ይሰማል» ብሎ እሱ ያዳምጣል ነው ወይስ ድምፁ ወደ እኛ ይደርሳል ነው፣ «ይፈታል» ብሎ የታሰረውን ነው ወይስ ራሱ ታስሮ ነው፤ ይህን ሁሉ የሚለየው አንባቢው ነው። በመዝሙር ጊዜ ደግሞ አንባቢው ዜማው ነው። ጉባኤው ግድግዳው ላይ ያለውን ያነባል እንላለን እንጂ፣ የሚያነብለት ዜማ የደረሰው ሰው ነው።

ስብከት የሰማ ሰው ይስማማል ወይም አይስማማም። መዝሙር ግን ገና ሳይስማማ አፉ ውስጥ ነው፤ በራሱ ድምፅ፣ በራሱ ትንፋሽ ይለዋል። አምልኮ መምራት ከጀመርኩ ዘጠኝ ዓመቴ ነው፤ ስለ ልምምድ፣ ስለ ጾምና ጸሎት፣ ስለ መድረክ ሥርዓት ብዙ ተምሬያለሁ፣ አስተምሬያለሁም። በሰው አፍ ውስጥ ቃል የማስቀምጥ ሰው እንደሆንኩ ግን እስከዚያች ረቡዕ ማታ በዚህ ክብደት አልተሰማኝም። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፤ ከሌላው ሰው አፍ ያስወጣሁትንስ በየት ሄጄ እመልሰዋለሁ?

በማግስቱ ለኪቦርድ ተጫዋቻችን ነገርኩት። ቅጂውን ሰምቶ ራሱን ነቀነቀ። «ልክ ነሽ። ግን እኮ ሁሉም ምን ለማለት እንደ ፈለግን ያውቃል። ከእሳቸው በቀር ማንም አላስተዋለም» አለኝ። እውነቱን ነው፣ ማንም አላስተዋለም። ያስተዋሉት ግን ቃሉን የፈለጉት ናቸው፤ ያን ያወቅኩት ቅዳሜ ዕለት ቤታቸው ሄጄ ነው።

ከጦሳ ሥር

ቤታቸው ዳገቱ ላይ፣ ከጦሳ ተራራ ሥር ነው። ከሰዓት በኋላ ጉሙ ወርዶ አዝዋ ገደል ጠፍቶ ነበር። የልጅ ልጃቸው ቡና እያፈላች አገኘኋቸው። ይቅርታ ልጠይቅ እንደመጣሁ ነገርኳቸው፤ ስለ ጠበቀውና ስለ ላላው ያገኘሁትን ሁሉ አስረዳኋቸው። ፈገግ አሉ።

«የኔታ ቢሰሙሽ ደስ ባላቸው» አሉኝ። በልጅነታቸው ሐይቅ አካባቢ ንባብ ቤት ገብተው ዳዊት ደግመዋል። ትርጉሙን ከማወቃቸው በፊት ቃሉ ተነሽ ይሁን ወዳቂ፣ ሰያፍ ይሁን ተጣይ ለይተው ማንበብ ነበረባቸው። አንድ ቃል ያለ ቦታው ከወደቀ ከመጀመሪያው ያስጀምሯቸው ነበር። «ያኔ ትርጉሙን ሳላውቅ ለምን ያስጨንቁኛል እል ነበር። ዛሬ የግዕዙን ብዙውን ረስቼዋለሁ። ጆሮዬ ግን አልረሳም።»

ይህን ሲነግሩኝ ቀናሁባቸው። የያሬድ ልጆች ለእያንዳንዱ የድምፅ መውደቅና መነሣት ምልክት አበጅተው፣ ያንን ምልክት ለመማር ዓመታት ያስቆጥራሉ። እኛ በቤተ እምነታችን ሐሙስ ተጽፎ ቅዳሜ ተለማምዶ እሁድ የሚዘመር መዝሙር እንወዳለን፤ ትኩስነቱን እንደ በረከት እንቆጥረዋለን። ትኩስነቱን እኔም እወደዋለሁ። ነገር ግን ከእነሱ ቤት አንድ ነገር ተምረን ብንመለስ ምንም አይጎድልብንም። የጸሎት ቃልን አጣርቶ ማንበብ ራሱ አምልኮ ነው።

ቶናው ሲቀዳ ዝም አሉ። ከዚያ ሳልጠይቃቸው ስለ ባለቤታቸው ነገሩኝ።

ስኳር ነበረባቸው። ሰው ሁሉ በሐረጎ በኩል ሲወርድ እሳቸው መሄድ አልቻሉም፤ ባልም ትተው አልሄዱም። የነበራቸው መድኃኒት አለቀ። የሚሸጥ ቤት ክፍት አልነበረም፤ ክፍት ቢሆንም የሚሸጥ አልነበረም። «ሌሊት ሌሊት ከጎኗ ቁጭ ብዬ፣ ተናገር፣ እለው ነበር። አንድ ቃል። ትድናለች በል፤ ወይም አትድንም በል። ሁለቱንም እቀበል ነበር። ከአርባ ዓመት በላይ ያመለክሁት ነው፣ አንድ ቃል አይበዛብኝም ብዬ ነው።» ስኒውን አስቀመጡ። «ምንም አላለም።»

ከዚያ ቀጠሉ። «እና እናንተ ያን ዕለት ‹ዝም ባለ ሌሊት እግዚአብሔር አለ› ስትሉ ልቤ ዘለለች። ለእነዚህ ልጆች ነገራቸው ማለት ነው አልኩ። የእኔም መልስ በዚያ ውስጥ ይገኝ ይሆናል ብዬ ቆሜ ጠበቅኩ። እናንተ ግን ‹አለ› ትሉና ወደሚቀጥለው ታልፋላችሁ። ደግሞ ‹አለ› ትላላችሁ፣ ደግሞ ታልፋላችሁ። በኋላ መጥቼ የጠየቅኩሽ ለዚያ ነው። ልፈትንሽ አይደለም ልጄ፤ ማወቅ ፈልጌ ነው።»

እኔ ቤታቸው የሄድኩት ስለ አንዲት ፊደል ይቅርታ ልጠይቅ ነበር።

በእኛ ልማድ እንዲህ ያለ ነገር ሲነገር ዝምታውን ቶሎ በጥቅስ እንሞላዋለን። ሁለት ሦስት ጥቅስ ምላሴ ጫፍ ላይ ደርሰው ነበር፤ ሁሉም እውነት ናቸው፤ ሁሉም ለዚያ ደቂቃ ውሸት ይሆኑ ነበር። እነዚያን ሌሊቶች እኔ ሌላ ከተማ፣ ዘመድ ቤት፣ እናቴን አቅፌ ነው ያሳለፍኩት። «ዝም ባለ ሌሊት» ብዬ የጻፍኩት ቃሉ ስላማረኝ ነው። እሳቸው ዝምታውን ያውቁታል። ስለዚህ ጥቅሱን ዋጥኩና ቡናዬን ጠጣሁ። በረካ እስኪቀዳ ድረስ ማናችንም ብዙ አልተናገርንም።

ልነሣ ስል ከአልጋቸው ራስጌ ዳዊታቸውን አወጡ። ቆዳው ያለቀ፣ ዳርና ዳሩ በእጅ ብዛት የጠቆረ ነው። የከፈቱት እኔ 13ኛ የምለውን፣ በእሳቸው ዳዊት 12ኛ የሆነውን መዝሙር ነው፤ የእሳቸው 9ኛውንና 10ኛውን አንድ አድርጎ ስለሚቆጥር ቁጥሩ በአንድ ይለያያል። ዳዊት በዚያ አጭር መዝሙር «እስከ መቼ» እያለ አራት ጊዜ ይጠይቃል። «እዚህ ውስጥ እግዚአብሔር የመለሰለት ቃል የት አለ? ፈልጊ» አሉኝ። ፈለግኩ። የለም። ዳዊት ይጠይቃል፣ ዓይኖቼን አብራልኝ ይላል፣ ከዚያ በድንገት በቸርነትህ ታመንኩ ብሎ ሊዘምር ይነሣል። በመካከል ምንም አልተባለለትም። ስንት ጊዜ ያነበብኩት፣ ስንት ጊዜ ከመድረክ ያነበብኩት መዝሙር ነው። ሁልጊዜ ወደ መጨረሻው ስንኝ እየተቻኮልኩ ስለማነበው በመካከሉ ያለውን ባዶ ቦታ አላየሁትም ነበር።

ለ ላይ የተቀመጠች ነጥብ

እሁድ መዝሙሩን አላዘመርኩትም። ሁለት ሳምንት ከእሱ ጋር ታገልኩ።

ቀላሉ መንገድ ቃሉን መቀየር ነበር። ኪቦርድ ተጫዋቻችን «ከእኛ ጋር ነው» ብለን ብንተካውስ አለ። ሞከርነው፤ አሻሚነቱ ጠፋ፣ መዝሙሩም አብሮ ጠፋ። «አለ» ሁለት ፊደል ናት፤ ልጅም ሽማግሌም ሳያስብ ይይዛታል። እናቴ ባዶውን ቤት እየጠረገች ለጎረቤት «አለን፣ አለን» ስትል የሰማኋት ያችኑ ቃል ነው። ልጥላት አልቻልኩም።

ስለዚህ የቀየርኩት ዜማውን ነው። «አ»ን ከምቱ በፊት ከመወርወር ራሱ ምቱ ላይ አስቀመጥኩት፤ አስረዘምኩትና ምላስ «ለ»ን ለመያዝ የምትቆይባት ትንሽ ክፍተት ተውኩለት። ወደ ላይ የሚዘለውን፣ እጅ የሚያስነሣውን ድምፅ ቆረጥኩት፤ አሁን «ለ» ዝቅ ብሎ፣ አጭር ሆኖ ያርፋል፣ እንደ በር መዝጊያ። ከበሮ መቺያችን አዝማቹ ኃይሉን አጣ ብሎ ተከራከረኝ። እውነቱን ነው፣ ያ ኃይል ጠፍቷል። እኔም አዝኛለሁ፤ ያን ዝላይ እወደው ነበር። ነገር ግን ዜማ ከቃሉ ጋር ሲጣላ መሸነፍ ያለበት ዜማው ነው፤ በዚህ ላይ ከማንም ጋር ለመከራከር ፈቃደኛ ነኝ።

«ዝም ባለ ሌሊት» የሚለውንም ላወጣው አስቤ ነበር። «በጨለማው ሌሊት» ቢባል ዜማው ይቀበለዋል፣ የላላው «ባለ»ም ይወገዳል። ስንት መዝሙር ውስጥ አለ «ጨለማው ሌሊት»! ማንንም አይወጋም፤ የማንም ሌሊት አይደለምና። ያ ሌሊት ግን ጨለማ ብቻ አልነበረም፤ ዝም ያለ ነበር። ይህን የሚያውቅ ሰው ከኋላ ሦስተኛው ወንበር ላይ ተቀምጦ ሌላ ቃል ላስዘምረው አልፈለግኩም። ተውኩት። በደብተሬ ላይ፣ አንዳንድ መዝገበ ቃላት እንደሚያደርጉት፣ በ«ለ» ራስ ላይ በእርሳስ ነጥብ አደረግኩ። መዘምራኑም በየወረቀታቸው ላይ አደረጉ። በልምምዱ ዕለት ግማሹን ሰዓት ያለ መሣሪያ «አለ» ስንል ነው ያሳለፍነው፤ ከውጭ የሚያልፍ ሰው ምን እንዳሰበ እንጃ።

ከእሁዱ በፊት ተመልሼ ወደ ጦሳ ሥር ወጣሁና ለእሳቸው ብቻ፣ ያለ መሣሪያ፣ በዝቅተኛ ድምፅ ዘመርኩላቸው። ዓይናቸውን ጨፍነው ሰሙኝ። «አሁን ቀና» አሉ። ደስ አለኝ። ትንሽ ቆይተው ግን፣ «ያችን የፊተኛዋን ግን አትጣያት» አሉኝ። «እናንተ ይህችን ዘምሩ። እኔ ያችኛዋን እጠብቃለሁ።»

ስወርድ መንገድ ላይ ቃሉ ያዘኝ። «ጠብቆ» ራሱ ሁለት ነው። ላልቶ ሲነበብ ፊደል የጠበቀበት ነው፤ ጠብቆ ሲነበብ ሰው የጠበቀበት። «ይጠብቃል»ም እንዲሁ። እኔ «ለ» ትጠብቃለች ብዬ ሁለት ሳምንት ስደክም፣ እሳቸው በሌላኛው ንባብ ሲጠብቁ ቆይተዋል። ዛሬም ይጠብቃሉ፤ መልሱ ገና አልመጣላቸውም፤ እኔም የማመጣላቸው ሰው አይደለሁም።

እሁድ መዝሙሩን አንድ ሙሉ ድምፅ ዝቅ አድርገን ጀመርነው። ወንዶቹ ገቡ። አዝማቹ ላይ ስንደርስ ከመድረክ ላይ ሆኜ ሰማሁት፤ ሁለት መቶ ምላስ አንድ ላይ ላንቃ ላይ ዐርፋ ስትነሣ። አለ። እንደ በር መዝጊያ። በሁለተኛው ዙር ባንዱን በእጄ ዝም አሰኘሁትና ወደ ኋላ፣ ወደ ሦስተኛው ወንበር፣ በግድግዳው በኩል አየሁ። ቆመዋል ብዬ አስቤ ነበር፤ ኮፍያቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ተቀምጠዋል። ዓይናቸው ጨፍኗል። ከንፈራቸው ከእኛ ጋር ይንቀሳቀሳል። አጥብቀው ይሁን አላልተው፣ ከዚያ ርቀት መለየት አልቻልኩም።